ናፊሳና የኮሌጁ መጋረጃ

ናፊሳ ሳታይ የምትገዛው ነገር አልነበረም። ሐብሐብ ስትገዛ በጣቷ ቆርቁራ፣ ጆሮዋን አስጠግታ ታዳምጣለች፤ ሻጩም ከዚያ ሐብሐብ ውስጥ ሰው እየጠራት እንደሆነ ሁሉ ዝም ብሎ ይጠብቃታል። የድሬዳዋ ገበያ ቀፊራ ውስጥ ባለችው ሱቋ አዲስ ጨርቅ ሲመጣላት ከጫፉ አንድ ክር መዝዛ በክብሪት ታቃጥላለች። ሽታው ጥጥ መሆኑን ወይም ላስቲክ መሆኑን ይነግራታል። አዩብን ስታገባ እንኳ፣ ሽማግሌዎቹ ከመምጣታቸው በፊት ውሃ ጠማኝ ብላ እነ አዩብ ግቢ ገብታ፣ የወደፊት አማቷ ከጎረቤት ጋር እንዴት እንደምትነጋገር አዳምጣ ወጥታለች። ይህን የምታወራው ራሷ ናት። ወሬው በተነሳ ቁጥር አዩብ፣ «ታዲያ ገብተሽ ምን አገኘሽ?» ይላታል።

«አንተን» ትለዋለች። ምስጋና ይሁን ስሞታ እስከ ዛሬ አልተጣራም።

እንግዲህ የዚህች ሴት ትልቋ ልጅ ሳቢሪን አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨረሰች። ውጤቷ አላሳፈራትም፤ መንግሥት የመደባት ግን ሩቅ አገር፣ ያውም ያልፈለገችውን ትምህርት ነበር። እሷ የፈለገችው የሕክምና ላብራቶሪ ነው። ለምን እንደሆነ ስትጠየቅ፣ በልጅነቷ ወባ ይዟት ጤና ጣቢያ ስትሄድ፣ ከጣቷ ደም የወሰደችው ሴትዮ በመስታወት ውስጥ አጎንብሳ አይታ «አገኘሁት» ያለችው ቃል አልጠፋ ብሏት ነው። ሴትዮዋ ምን እንዳየች ማየት ትፈልጋለች፤ በቃ። ናፊሳም ልጇ ከድሬ አለመውጣቷን ወደደችው፤ ምክንያቱን ግን ለራሷ ያዘች። የግል ኮሌጅ ይፈለግ ተባለ።

ሳቢሪን በስልኳ አንዱን አሳየቻት። ሳቢያን ሰፈር በኩል የተሠራ፣ ፊቱ በሙሉ ሰማያዊ መስታወት የሆነ ሕንፃ ነው። ነጭ ጋውን የለበሱ ተማሪዎች ደረጃው ላይ ቆመው ይስቃሉ፤ በሌላ ፎቶ ደግሞ የሚያብረቀርቅ ማይክሮስኮፕ ይታያል። ናፊሳ ስልኩን ወደ ዓይኗ አቀረበች፣ አራቀች፣ መልሳ ሰጠቻት። ፎቶ ላይ ማን የማያምር አለ ብላ ጠየቀች። ኮሌጁ ቅዳሜ ለወላጆች የጉብኝት ቀን አዘጋጅቶ ስለነበር ሄደው እንዲያዩ ተስማሙ። ሳቢሪን እናቷን አንድ ነገር ለመነቻት፤ ግድግዳውን እንደ ሐብሐብ እንዳትቆረቁር።

ቅዳሜ በባጃጅ ደረሱ። በሩ ላይ ፊኛ ተሰቅሏል፣ ድምፅ ማጉያው ይዘፍናል፣ ነጭ ጋውን የለበሱ ወጣቶች በሁለት ረድፍ ቆመው እንግዳ ይቀበላሉ። በመካከላቸው ጥቁር ኮት የለበሰ ሰው እጁን ዘርግቶ መጣ። ዐብዱላሂ ይባላል፤ የኮሌጁ ሬጅስትራር ነው። ናፊሳ ኮቱን ስታይ ወዲያው ተጠነቀቀች። በድሬ ሙቀት ኮት የለበሰ ሰው ወይ ሙሽራ ነው፣ ወይ የሚሸጠው ነገር አለው ብላ በልጇ ጆሮ አንሾካሾከች።

ዐብዱላሂ ግን የዋዛ ሰው አልነበረም። ከየት ናችሁ ሲል ጠየቀ። ናፊሳ የድሬ ልጅ ነኝ፣ እናቴ ግን የጀልዴሳ ሰው ናት አለችው። ሰውየው ደረቱን ያዘ። እሱም የጀልዴሳ ነው። ወዲያው አማርኛውን ትቶ ወደ ሶማሊኛ ገባ። የእናቷን ወንድም ያውቀዋል፤ ግመሎቹን ያውቃቸዋል፤ አንደኛዋ ግመል ነካሽ እንደነበረች ሳይቀር ያስታውሳል። ናፊሳ ያቺ ግመል እሷንም ነክሳት እንደነበር ነገረችው። ከዚህ በኋላ ሬጅስትራርና ወላጅ አልነበሩም፤ በአንድ ግመል የተነከሱ ዘመዳሞች ሆኑ።

ቢሮው አስገባቸው። ኤሲው ይነፍሳል። ሶፋው ሰውን እስከ ወገቡ ይውጣል። ቀዝቃዛ ውሃ መጣ። ዐብዱላሂ ስለ ኮሌጁ እየተናገረ ሳለ ናፊሳ እጇን ቀስ አድርጋ ወደ ኋላ ሰደደችና የመጋረጃውን ጫፍ በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መካከል አሻሸችው። ወፍራም ነው፤ ድርብ ነው፤ ስፌቱ ቀጥ ያለ ነው። በቀፊራ እንዲህ ያለ ጨርቅ ይዞ የሚመጣ አንድ ነጋዴ ብቻ ነው፣ እሱም አይዋሽም። ለመጋረጃ እንዲህ የሚጨነቅ ሰው ለተማሪ እንዴት አይጨነቅ? ልቧ እዚያው መጋረጃው ላይ ቀረ።

ሳቢሪን ሽንት ቤት ልሂድ ብላ ወጣች። ስትመለስ መንገዱ ጠፋትና በሕንፃው ጀርባ በኩል ወጣች። እዚያ ከእንግዳ ተቀባዮቹ አንዷ ጋውኗን አውልቃ፣ ጫማዋንም አውልቃ ጥላ ውስጥ ተቀምጣ ነበር። ኢፍራህ ነበር ስሟ፤ ሁለተኛ ዓመት ናት። እንግዳ ለመቀበል ከጠዋት ጀምራ ቆማ እግሯ አብጧል። ሳቢሪን አጠገቧ ቁጭ አለችና ኮሌጁ ጥሩ ነው ወይ ብላ ጠየቀቻት። ኢፍራህ ጥሩ ነው አለች። ሁሉም ሰው እንደዚያ ጠይቋት ለሁሉም እንደዚያ መልሳለች። ሳቢሪን ትንሽ አሰበችና ጥያቄውን ለወጠችው፤ ትናንት ምን ስትሠሩ ዋላችሁ አለቻት።

ኢፍራህ ቀና ብላ አየቻት። ትናንት ፊኛ ሲነፉ ነው የዋሉት። ከትናንት በስቲያ መምህሩ አልመጣም። ሳቢሪን ፎቶው ላይ ስላየችው ማይክሮስኮፕ ጠየቀቻት።

«ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው» አለች ኢፍራህ። «ማይክሮስኮፑን አይቼዋለሁ። በማይክሮስኮፑ ግን ምንም አላየሁም።»

ሳቢሪን ወደ ቢሮው ስትመለስ እናቷ ቆማ እየተሰናበተች ነበር። ኢንሻአላህ ልጄን አንተ ጋ ነው የማመጣት ስትል ሰማቻት። የድሬ ሰው ሬጅስትራርንም ሚኒስትርንም አንተ ነው የሚለው፤ ዐብዱላሂም ደስ ብሎት ሳቀ።

በባጃጁ ውስጥ ናፊሳ እስከ ቤት ድረስ መጋረጃውን አወደሰች። ምሳ ቀርቦ አዩብ እንዴት ነበር ብሎ ሲጠይቅ ግን ሳቢሪን ኢፍራህ የነገረቻትን አንድም ሳታስቀር ተናገረች። ናፊሳ ቅር አላት። አንዲት እግሯን ያመማት ልጅ ባወራችው ኮሌጅ አይፈረድም አለች። ሰውየው ዘመድ ነው፤ ቃልም ሰጥታዋለች። አዩብ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ብዙ መንገድ ስለሚነዳ ቤት ሲመጣ ብዙ አይናገርም። እጁን ታጥቦ ከጨረሰ በኋላ ግን አንድ ነገር ጠየቃት።

«ሐብሐብ ተራ ሄደሽ የመጀመሪያውን አንስተሽ ታውቂያለሽ?»

ናፊሳ ሌላ ኮሌጅ ለማየት የተስማማችው እዚያች ላይ ነው። ለመስማማቷ ሁለት ሁኔታ አስቀመጠች። አንደኛ፣ የተጠሩበት ቀን አይሄዱም፤ ሰው ሥራ ላይ ባለበት ቀን ሳይናገሩ ይገባሉ። ሁለተኛ፣ የአዩብ ሐብሐብ ወሬ ዳግመኛ አይነሳም።

ማክሰኞ ጠዋት ሱቋን ለጎረቤቷ ሰጥታ ወጣች። ሁለተኛው ኮሌጅ ከለገሃሬ ሰፈር ወረድ ብሎ ያለ አሮጌ ግቢ ነው። ሳቢሪን ወደፊት በየቀኑ የምትመላለስበት ስለሆነ ባጃጅ ትተን በእግር እንሂድ አለች። ናፊሳ እያለከለከች ተከተለቻት። የደቻቱን ወንዝ ድልድይ ሲሻገሩ በክረምት ጎርፍ ሲመጣ ይህ መንገድ ምን እንደሚሆን ለልጇ ረጅም ትንታኔ ሰጠቻት። ከታች በደረቁ አሸዋ ላይ ፍየሎች ይሄዳሉ።

ግቢው በር ላይ ማንም እጁን ዘርግቶ አልመጣም። ዘበኛው መታወቂያዋን ተቀብሎ ያዘና ወደ ሻሂው ተመለሰ። ከውስጥ ትልልቅ የኒም ዛፎች አሉ፤ ከዛፎቹ በስተጀርባ ቀለማቸው የተላጠ ቤቶች ተደርድረዋል። ናፊሳ ግድግዳውን በጣቷ ነካ ስታደርገው አንድ ቁራጭ ቀለም እጇ ላይ ቀረ። ሲያዩት ያላማረ ሲበሉት ያቅራል ብላ ተረተች። በመስኮቶቹ ላይ መጋረጃ የሚባል የለም፤ አንደኛው ላይ ብቻ ጋዜጣ ለጥፈውበታል።

ከኒሙ ሥር አንዲት ሴት ሻሂና በዘይት የተጠበሰ ባጊያ ትሸጣለች። ተማሪዎች ከበዋት ተቀምጠዋል። ሳቢሪን ወደ ቢሮ እንሂድ የምትለውን እናቷን ጎትታ እዚያ አስቀመጠቻት። ናፊሳ ባጊያውን ቀመሰች፤ ባጊያው ላይ አስተያየት አልነበራትም፤ ይህም ከእሷ ትልቅ ምስክርነት ነው። ሳቢሪን አጠገቧ የተቀመጡትን ተማሪዎች ትናንት ምን ስትሠሩ ዋላችሁ ብላ ጠየቀች።

ያን ጊዜ ስሞታው ፈሰሰ። ትናንት ለወባ ምርመራ ደም መስታወት ላይ ሲቀቡ ነው የዋሉት። ኃይለየሱስ የሚባል የላብራቶሪ መምህር አላቸው፤ ቅቡ ወፈረ ብሎ አስደገማቸው፣ ቀጠነ ብሎ ደግሞ አስደገማቸው፣ ሲመሽ በሩን ቆልፎ ሊሄድ ነው ብለው ሲጠብቁ አብሯቸው ተቀመጠ። ቤተ መጻሕፍቱ ጠባብ ነው። ውሃ ይጠፋል። አንዱ ሙስአብ የሚባል ቀጭን ልጅ እጁን ዘርግቶ ጣቶቹን አሳያት፤ አምስቱም በመርፌ ተወጋግተዋል፤ ጓደኞቹ የተለማመዱት በእሱ ነው።

ናፊሳ ወደ ልጇ ዞረች። «ይኸው፤ ራሳቸው እየነገሩሽ ነው።»

«እማ» አለች ሳቢሪን፣ «እነዚህ የሚያማርሩት ስለሚያሠሯቸው ነው። ኢፍራህ ያማረረችው ስለማያሠሯት ነው።»

ናፊሳ ሻሂዋን አነሳች። ነገሩን በልቧ ብታዞረው ክሩ የሚበጠስበት ቦታ አላገኘችለትም። ግን ደግሞ በአንዲት ባጊያ ተሸንፋ መነሳት አልፈለገችም።

ተማሪዎቹ ሰዓታቸው ደርሶ ሲገቡ እናትና ልጅ ተከተሏቸውና በላብራቶሪው መስኮት ቆመው ወደ ውስጥ ማየት ጀመሩ። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ የአልኮልና የሌላ ነገር ሽታ ይወጣል። ማይክሮስኮፖቹ አሮጌ ናቸው፤ አንደኛው አንገቱ ላይ በፕላስተር ተጠቅልሏል። በየማይክሮስኮፑ ላይ ግን አንዳንድ ራስ አጎንብሷል፤ ከኋላውም ተራ የሚጠብቅ አለ። ወዲያው አንድ ሽበታም አጭር ሰው ከውስጥ ጮክ ብሎ ተናገረ። ኃይለየሱስ ነበር።

«ወይ ግቡ፣ ወይ ብርሃኑን ልቀቁልን።»

ገቡ። ናፊሳ ማን እንደሆኑ ማስረዳት ስትጀምር ኃይለየሱስ ግማሹን እንኳ አልሰማም፤ ዓይኑ እጇ ላይ ነበር። የተማሪዎቹ ጣት ሁሉ አልቋል፣ ያልተወጋ ሰው ካገኘሁ ሰነበትኩ አለ። እህቴ፣ ልጅሽ የምትማረውን ማየት ከፈለግሽ ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም ብሎ ወንበር ሳበላት። ሙስአብ መርፌውን ይዞ ቀረበ።

ናፊሳ ጣቷን ሰጠች፤ ወሰደች፤ መልሳ ሰጠች። ለሙስአብ ስንት ሰው እንደወጋ ጠየቀችው። እናቷ ስትወጋ የሚሆነውን ለማየት ከሳቢሪን ፍርሃት ይልቅ ጉጉቷ በለጠ፤ በሕይወቷ ናፊሳ የሆነ ነገር ሳትመርጥ ስትቀበል አይታ አታውቅም። ሙስአብ ለእናቴ እንደማደርገው አደርጋለሁ አላት። እናትህን ወግተሃል ወይ አለችው። አልወጋሁም፣ እንቢ አለችኝ አለ። ክፍሉ ሳቀ፤ ናፊሳም ስትስቅ መርፌው ገባ። ወላሂ አልተሰማኝም አለች፤ ከዚያ ቆየት ብላ ተሰማኝ አለች።

ደሟን መስታወት ላይ አድርገው ማይክሮስኮፑ ሥር አስቀመጡት። መጀመሪያ የማየት መብት የባለደሟ ነው ተባለ። ናፊሳ አጎነበሰች። ጥቁር ፀጉር መሰል ነገር አየችና ደነገጠች። ኃይለየሱስ ያ የራስሽ ሽፋሽፍት ነው፣ ትንሽ ራቅ በይ አላት። ራቅ አለች። እሱ አንዲት ቁልፍ ቀስ አድርጎ ሲያዞር ጭጋጉ ተገፈፈ።

ክብ ክብ ነገሮች ሞልተዋል። ይገፋፋሉ፣ ይተላለፋሉ፣ አንዱ ሌላውን ገፍቶ ያልፋል፤ ሌላው መንገድ ዘግቶ ይቆማል።

«ይሄማ ቀፊራ ነው» አለች ናፊሳ ቀና ሳትል። «የዓረፋ ዋዜማ።»

ትንሽ ቆየችና ይሄ ሁሉ እኔ ውስጥ ነው የሚኖረው ብላ ጠየቀች። ኃይለየሱስ ከዚህ ጠብታ ውጭ ያለው ደግሞ ይብሳል አላት። ይህን ሁሉ ሕዝብ ተሸክማ ነበር ጠዋት ደቻቱን በእግሯ የተሻገረችው፤ ድካሟም አለምክንያት እንዳልነበረ ገባት።

ከዚያ ሳቢሪን አጎነበሰች። ናፊሳ ልጇ እንደ እሷ እንድትደነቅ ጠበቀች። ሳቢሪን ግን ቁልፉን ራሷ አዞረችው፤ ማንም ሳይነግራት የመስታወቱን ጫፍ ይዛ ወደ ጎን ገፋ አደረገችው፤ ሻርፗ ከትከሻዋ ወርዶ ወለሉን ሲነካ አላወቀችም። ከኋላዋ ተራ የያዙት ተማሪዎች ሰልችቷቸው በረዥሙ መተንፈስ ጀመሩ፤ ኃይለየሱስ በእጁ ተዉአት አላቸው። ናፊሳ የልጇን ጀርባ እያየች ቆመች። ይህች ልጅ በቤት ውስጥ አንድ ነገር ላይ እንዲህ ረግታ የተቀመጠችበትን ቀን ለማስታወስ ሞከረችና አጣች። መጋረጃ ስታሻሽ ልጇን ማየት ረስታ እንደነበር ያን ጊዜ ታወቃት።

ከመውጣቷ በፊት ሽንት ቤቱን አይታ መጣችና ለኃይለየሱስ የሚያሳፍር ነው አለችው። እሱም ያሳፍራል፣ በየስብሰባው እናገራለሁ አለ። እሷ ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ መጥቼ አየዋለሁ አለች። ሰውየው ቀልድ መስሎት ሳቀ።

ምርጫው በዚያው አለቀ፤ አንድ ነገር ብቻ ቀረ። ናፊሳ ለዐብዱላሂ ቃል ሰጥታለች። በስልክ ልትነግረው ትችል ነበር፤ የቀፊራ ሰው ግን ዕቃ ሲመልስ ራሱ ተሸክሞ ነው። በማግስቱ ሳቢያን ሄደች። ፊኛው የለም፤ ድምፅ ማጉያው የለም፤ በረድፍ የቆመ ሰው የለም። ዐብዱላሂ ግን እንደበፊቱ በሶማሊኛ ተቀበላት፤ ያው ሶፋ፣ ያው ቀዝቃዛ ውሃ። ናፊሳ በደንብ ከጠጣች በኋላ አንድ ነገር ለመነችው፤ በማይክሮስኮፑ አንዴ ብቻ ልይ አለችው።

ዐብዱላሂ በደስታ ተነሳ። የላብራቶሪው ቁልፍ አልተገኘም። ቁልፉ ያለው ንብረት ክፍል ነው፤ የንብረት ክፍሉ ሰው ለቅሶ ሄዷል። ሌላ ሰው ሁለተኛ ቁልፍ አለው ተባለ፤ እሱ ደግሞ ቁልፉ መጀመሪያውኑ የየትኛው በር እንደሆነ አያውቅም። ዐብዱላሂ ስልኩን ዘግቶ፣ ኮቱን አውልቆ ወንበሩ ላይ ሰቀለውና ተቀመጠ። ያለ ኮቱ የደከመ የጀልዴሳ ሰው ይመስላል።

«እስቲ ንገረኝ» አለችው ናፊሳ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «የራስህ ልጅ የምትማረው የት ነው?»

ዐብዱላሂ ኤሲውን አየ፤ መስኮቱን አየ። ከዚያ ተነስቶ ሌላ ቀዝቃዛ ውሃ አምጥቶ ፊቷ አስቀመጠ።

ናፊሳም ከዚህ በላይ አልጠየቀችም። ውሃውን ጠጣች፤ ልጄ ሌላ ቦታ ልትማር ነው፣ አትቀየመኝ አለችው። አልቀየምም አላት፤ ከልቡም ይመስል ነበር። ሁለቱም ስለ እናቷ ወንድም ጤና ተነጋግረው፣ በሰላም ተለያዩ። በር ላይ አንዲት ተማሪ አገኘች፤ ስሟን ብትጠይቃት ኢፍራህ ሆና ተገኘች፤ ደብተሯን አቅፋ፣ መምህሩ ይመጣ እንደሆነ እየጠበቀች ነበር። ናፊሳ ሳታስበው ቆመችና የኒሙ ኮሌጅ የት እንዳለ፣ በየት በኩል እንደሚገባ፣ ማንን መጠየቅ እንደሚሻል ዘርዝራ ነገረቻት። ልጅቷ ወደዚያ ትዛወር አትዛወር ግን ለብዙ ጊዜ አልተሰማም።

ሳቢሪን ትምህርት ጀመረች። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መርፌ ይዛ የቤተሰቡን ጣት ስለምታሳድድ ቤት ውስጥ ሰላም ጠፋ። አዩብ ከመንገድ ሲመለስ እጁን ኪሱ ከትቶ መግባት ለመደ። የደቻቱ ጎርፍ የመጣ ቀን ልጅቷ ማዶ ቀርታ አመሸች፤ ናፊሳም ድልድዩ አፍ ላይ ቆማ ስለዚህ መንገድ መጀመሪያውኑ ተናግሬ ነበር ስትል ለሚያልፈው ሁሉ አስረዳች። ሳቢሪን በመጨረሻ ስትደርስ የቆየችው ሌሎቹ የደም ቅባቸውን እስኪጨርሱ መሆኑን ነገረቻት፤ ጎርፉን አላየችውም።

ከወራት በኋላ ጎረቤታቸው ዝናሽ ወደ ናፊሳ ሱቅ መጣች። ልጄ ሲያሳየኝ ይህ አምስተኛ ኮሌጅ ነው፣ ሁሉም ፎቶ ላይ ያምራል፣ በምን ልምረጥ ብላ ተጨንቃ ነበር። ልጁ መማር የፈለገው ሒሳብ አያያዝ ነው። ናፊሳ ስለ ሒሳብ አያያዝ የምታውቀው ነገር አልነበረም፤ አላውቅም ብላም አታውቅም። ዝናሽን አስቀመጠቻትና መከረቻት። የጠሩሽ ቀን አትሂጂ። ቢሮ ውስጥ ብዙ አትቀመጪ። ጥሩ ነው ወይ ብለሽ አትጠይቂ፤ ትናንት ምን ዋላችሁ በይ። ልጅሽ በሚሄድበት መንገድ ሂጂ፣ በሚጠጣበት ጠጪ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ግቢውን እያየሽ ልጁን ማየት አትርሺ፤ የት ላይ እንደሚቆም እሱ ሳያውቅ እግሩ ይነግርሻል።

ዝናሽ ይህን ሁሉ ብቻዬን እንዴት አስታውሳለሁ አለች። ናፊሳ ከጎኗ ያለችውን ነጋዴ ጠርታ ሱቄን እይልኝ አለቻት፣ ሻርፗን አስተካከለች፣ ዝናሽን በክንዷ ያዘቻት። ልጁ አስፋልቱ ማዶ ስልኩን እያየ ይጠብቃቸዋል። ሁለቱ ሴቶች ወደ እሱ ሲሻገሩ፣ ናፊሳ ስልክህን ኪስህ ክተትና ዛሬ በዓይንህ ተጠቀም አለችው።